ጡጫ የሚያስገባው ማዕዘን

በአንድ ወቅት፣ ቤቱ ሁሉ በድንጋይ በሚሠራባት አንዲት የደጋ ከተማ፣ አያ እንዳላማው የሚባሉ ግንበኛ ነበሩ። ሌላው ግንበኛ በግድግዳው ቁመት ወይም በመስኮቱ ውበት ይታወቃል፤ እርሳቸው የሚታወቁት በማዕዘን ነበር። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ወሬ ያቆማሉ፤ ውሃ እንኳ አይጠጡም። ቤቱ አልቆ ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ በየማዕዘኑ እየዞሩ መዳፋቸውን ያሳርፉበታል፤ መንገድ ሊጀምር የተነሣ ሰው የበቅሎውን አንገት እንደሚዳብሰው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «በሉ ግቡበት» ይላሉ። እርሳቸው ይህን ሳይሉ ዕቃውን የሚያስገባ ባለቤት አልነበረም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ውድነሽ ካረፉ ወዲህ ግን ዓይናቸው ደከመ። ሐዘን ነው ያለ አለ፣ ዕድሜ ነው ያለም አለ፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሥራ መቀበል አቆሙ። ሆኖም ያለቻቸው አንድ ልጅ ትርንጎ ማርገዟን ሲሰሙ ዝም ብለው መቀመጥ አልሆነላቸውም። ትርንጎና ባሏ ይበልጣል የሚኖሩት በኪራይ ነበር። «የልጅ ልጄ በሰው ቤት አያድግም» አሉና ልየውን አስጠሩት። ልየው ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጥቶ በእጃቸው ያደገ፣ ሙያውንም ከእርሳቸው የለመደ ግንበኛ ነው። ሁለቱ ሆነው መሠረቱን ቀየሱ፣ ድንጋዩን ደረደሩ፣ ቤቱን ከጣራ አደረሱ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን አሳርፈው «በሉ ግቡበት» አሉና ለዓይናቸው ጠበል ሊጠመቁ ወደ ሩቅ ገዳም ወጡ። መንገዱን ብቻቸውን እንዳይሄዱት ልየው ተከተላቸው።

ነገሩ የታወቀው አልጋው ሲገባ ነው።

አልጋውን የሠራው ጎረቤታቸው ፈንታሁን የሚባል አናጢ ነበር። እሱና ይበልጣል ተሸክመው አስገቡትና ከቤቱ ማዕዘን አስጠጉት። ራስጌው ግድግዳውን ግጥም አድርጎ ያዘ። ጎኑ ግን ወደ ግርጌ በሄደ ቁጥር ከሌላኛው ግድግዳ እየራቀ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ የሰው ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት ተወ። አውጥተው መልሰው አስገቡት፤ ያው ነው። ፈንታሁን ጥፋቱ የእሱ መስሎት ደነገጠ። የማዕዘን መለኪያ ስኳድራውን ከቤቱ አምጥቶ የአልጋውን አራት ጥግ ለካ። አልጋው ልክ ነው። ከዚያ ስኳድራውን ቀስ ብሎ ግድግዳው ማዕዘን ላይ አስደገፈው፤ አስደግፎም ብዙ ቆየ። ይበልጣል ምን እንዳገኘ ጠየቀው። ፈንታሁን ስኳድራውን ወደ ጀርባው አዞረና «አልጋው ያምራል» አለ።

ትርንጎ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለችና በዚያ አልጋ ላይ አራስ ሆና ተኛች። አራስ ቤት ደግሞ የማይገባ ሰው የለም። ገንፎ ይዞ የሚመጣው፣ አጥሚት ይዞ የሚመጣው፣ ባዶ እጁን መጥቶ መርቆ የሚሄደው ሁሉ የሚቀመጠው ከአልጋው ትይዩ ነው፤ ፊቱም ወደዚያ ማዕዘን ነው። ትርንጎ ተጋድማ እንግዳ ስታይ አንድ ነገር ልብ አለች። የገባ ሁሉ ጥቂት ከተጫወተ በኋላ አንገቱ ቀስ እያለ ወደ አንድ ጎን ይዘማል። ምክንያቱን ራሱም አያውቀውም። ዓይኑ ግድግዳውን ከአልጋው ጋር ሊያስታርቅ ይሞክራል፣ አልሆን ሲለው አንገት ይተባበረዋል።

እትዬ አንጓች የሚባሉት ጎረቤት ገንፎ እያጎረሷት አንገታቸው እንደዘመመ ቀረ። አንገትዎን አመመዎት እንዴ ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ አንጓች ግድግዳውን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ እንደገና ግድግዳውን አዩ።

«እኔስ ደህና ነኝ ልጄ፤ ቤቱን ነው ያመመው መሰለኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ክፍተቱ ዕቃ ይውጣል። ማንኪያ ገባበት፣ የሕፃኑ ቆብ ገባበት፣ የእትዬ አንጓች መነጽር ገባበት። ይበልጣል ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አዘጋጅቶ፣ ዓሣ እንደሚያጠምድ ሰው በሆዱ ተኝቶ ያወጣል፤ አንዱን ሲፈልግ ሌላ የተረሳ ነገር ይዞ ይነሣል። ስማቸው የሚባለው ፀጉር አስተካካይ፣ የይበልጣል የልጅነት ጓደኛ፣ ይህን ባየ ቀን «ሰው ኪስ የሚያሰፋው ልብሱ ላይ ነው፤ እናንተ ቤታችሁ ላይ አሰፋችሁ» አለ። ስማቸው የተናገረው ነገር እሱ ዘንድ አይቀርም፤ ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣ ሁሉ ይዞት ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ በከተማው ውስጥ ዕቃ የጠፋበትን ሰው «ትርንጎ ቤት ኪስ ውስጥ ፈልገው» ይሉት ጀመር።

መምህር አዳሙ ደግሞ ሊጠይቋት ሲመጡ ተማሪ የሚጠቀምበትን የዲግሪ መለኪያ ፕላስቲክ ከኪሳቸው አወጡ። ሲለኩ ቆይተው ዘጠና ሁለት ነው አሉ። እትዬ አንጓች ከተቀመጡበት ሆነው ከመቶ ዘጠና ሁለት ካመጣ ምን ጎደለው፣ የእርስዎ ተማሪዎች ሃምሳም አይሞሉ ብለው መለሱላቸው። መምህሩ የቀጥታ ማዕዘን ሙሉው ዘጠና እንደሆነ ሊያስረዱ ሞከሩ። ሴቶቹ ደግሞ ከሙሉው ሁለት መጨመሩን ሰምተው እልል አሉ። መምህር አዳሙ ፕላስቲካቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና ገንፎ በሉ። የቤቱ የንስሐ አባት ቄስ ዘለቀም ጠበል ሊረጩ መጥተው ሦስቱን ማዕዘን አንድ አንድ ጊዜ ረጩ፤ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው አሰቡና ሁለት ጊዜ ረጩት።

ትርንጎ መጀመሪያ አብራ ሳቀች። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ አራስን ማሳቅም ደግ ነገር ነው። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ትሰጋ ጀመር። አባቷ ለክርስትናው ይመጣሉ። ሰው ሆን ብሎ ላያስቀይማቸው ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ ማንኪያ ይወድቅበታል፣ ሌላው ኪስ ውስጥ ገባ ይላል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ እርሳቸውም ምን እንደሚያስቅ ይጠይቃሉ። ለገዛ ልጃቸው የሠሩት የመጨረሻው ቤት የከተማው መጫወቻ መሆኑን ሲያውቁ ምን ይሆናሉ? ሚስታቸውን አጥተዋል፤ ዓይናቸው እየከዳቸው ነው። የቀራቸው ይህ የሙያ ዝናቸው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስማቸውና ፈንታሁን አጋጣሚ አገናኝቷቸው ቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስማቸው ማበጠሪያው ጠፍቶበት ኪሱን ሊፈትሽ እንደመጣ እየቀለደ ነበር። ቀና ብሎ ሲያይ ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ቀልዱን አቆመ። ይበልጣል ምን ሆነሽ አላት። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ሦስቱም እየሰሙ ይህን ተናገረች፦

«አባየ እዚህ ቤት ገብተው አንገታቸውን ሳይደፉ እንዲወጡ ያደረገልኝ ሰው፣ እሱ ይሁን ልጄን ክርስትና የሚያነሣው።»

ይበልጣልም ተስማማ። የክርስትና አባት መሆን በዚያ አገር ትንሽ ነገር አይደለም። ልጁን ከጥምቀቱ ውሃ ተቀብሎ የሚያቅፈው እሱ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወላጆቹ ጋር አበልጅ ይባላል፣ በሐዘንም በደስታም ከሥጋ ዘመድ እኩል ይቆጠራል። ፈንታሁን አግብቶ በኖረበት ጊዜ ሁሉ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠውም ነበር። ስማቸውም ገና ልጅ ሳሉ ከይበልጣል ጋር ስናድግ አበልጅ እንሆናለን ተባብለዋል። ሁለቱም ቃሉን ሰምተው ወጡ።

ፈንታሁን ያለውን ጥሩ ሳንቃ ሁሉ አውጥቶ ሥራ ጀመረ። የሠራው ረጅም ሣጥን ነው፤ አንዱ ጫፉ ስንዝር ስፋት አለው፣ ሌላኛው ጫፉ ስንዝር ከጡጫ። ዕድሜውን ሙሉ ጠማማን ሲያቃና የኖረ እጅ ሆን ብሎ ጠማማ ለመሥራት ምን ያህል እንደሚቸገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሁለት ጊዜ ሳያስበው ቀጥ አድርጎ ሠርቶት አፍርሶ እንደገና ጀምሯል። ሣጥኑን ተሸክሞ ሲወጣ የገበያ ቀን ነበርና ያላየው ሰው አልቀረም። ጠጥተህ ነው የሠራኸው አሉት። የሬሳ ሣጥኑ አንድ ትከሻ ላለው ሰው ነው ወይ አሉት። ፈንታሁን «መለካት ተሳሳትኩ» እያለ አለፈ። ለሠርግ በር ያዘዘችው ሴትዮም ይህን ሰምታ በማግስቱ ሳንቃዋን ልታስመልስ መጣች፤ ሳይከራከር ሰጣት። ሣጥኑ ግን በአልጋውና በግድግዳው መካከል ሲገባ አፍ ውስጥ እንዳለ ምላስ ተመቻቸ። ግድግዳው፣ ሣጥኑና አልጋው አንድ ላይ ሲታዩ ሁሉም ነገር ቀጥ ያለ መሰለ። እትዬ አንጓች መጥተው ረጅም ሰዓት ተቀመጡ፤ አንገታቸው ቀጥ እንዳለ ቀረ። ፈንታሁን ይህን አይቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ስማቸው በበኩሉ ሣጥኑን አይቶ መልካም ነው አለ፤ ሣጥን ግን ዓይንን እንጂ አፍን አይከድንም። ያን አፍ የከፈተውም ራሱ ነው። ዝም በሉ ቢል ማንም ዝም እንደማይል ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዘ። ፀጉሩን ሊቆረጥ የተቀመጠን ሰው ሁሉ ምላጩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ ይህን ለማንም እንዳትናገር እያለ ከራሱ የፈጠረውን ይነግረው ጀመር፦ የጥንት ግንበኞች ሕፃን የሚያድግበትን ቤት ሲሠሩ አንዱን ማዕዘን በጡጫ ያህል ይከፍቱታል፤ የልጁ ዕድል ከልጁ ጋር እኩል እንዲያድግ ቦታ እንዳይጠበው ነው። የአራስ ማዕዘን ይባላል። ምን ያህል እንደሚከፈት የሚያውቅ ግንበኛ ዛሬ አያ እንዳላማው ብቻ ቀርተዋል። ምስጢር ነው ስለተባለ ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የሳቁት ሰዎች በሳቃቸው አፈሩ። ሴቶች ጤና አዳም ይዘው እየመጡ በሣጥኑና በግድግዳው መካከል ይሰኩ ጀመር። ልጇን ልትድር ቤት የምታሠራ አንዲት እናት ግንበኛዋን አንድ ማዕዘን ክፈትልን አለችው። ግንበኛው ተጨንቆ ስንት ላበላሸው ቢላት፣ አያ እንዳላማው ያበላሹትን ያህል አለችው።

ነገሩ እዚህ ላይ ሳለ ሽማግሌው ከገዳም ተመለሱ።

ዓይናቸው ትንሽ ገለጥ ብሎላቸዋል። የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ሳሙ፣ ልጃቸውን ሳሙ፤ ከዚያ ትርንጎ እንደፈራችው ቤቱን በመዳፋቸው እየዞሩ ይዳብሱ ጀመር። አንዱን ማዕዘን ነኩ። ሁለተኛውን ነኩ። ወደዚያኛው ሲመጡ እጃቸው ሣጥኑ ላይ አረፈ። የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቁ፤ የፈንታሁን ነው አለቻቸው። «ግጥም ብሏል» አሉና አለፉ። ትርንጎ ተረፍን ብላ አሰበች። ፈንታሁን በር ላይ ቆሞ ነበር፤ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

በሚቀጥሉት ቀናት ግን ሰው እየመጣ የሽማግሌውን እጅ ይስም ጀመር። ስለ አራስ ማዕዘን ያመሰግኗቸዋል፤ ለእኛም ባወቁልን ይሏቸዋል። የምን ማዕዘን ነው ብለው ቢጠይቁ ሰው ትሕትና ይመስለውና ይባስ ያደንቃቸዋል። አያ እንዳላማው ምግብ እየቀነሱ ሄዱ። ትርንጎ ስትሰማቸው ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ በወጣትነታቸው ከአስተማሪያቸው የተማሩትን ሙያ ከመሠረት እስከ ጣራ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ፤ ይመለሱና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ምን ሆኑብኝ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አእምሮዬ እየከዳኝ ነው» አሏት። «እኔ የሠራሁትን ነገር አገር ያውቀዋል። እኔ ብቻ አላውቀውም።»

ምን ትበላቸው? እውነቱን ብትናገር አንገታቸውን ታስደፋለች፤ ዝም ብትል ዕብድ እየሆንኩ ነው ብለው ያምናሉ። ስማቸውን አስጠራችው። መጣ፣ አጠገባቸው ተቀመጠ። ያ ሁሉ ምላስ የዚያን ቀን አልታዘዘለትም። ፀጉራቸውን አስተካክሎላቸው ተነሥቶ ሄደ።

ልየው ትርንጎ የገባችውን ቃል አልሰማም ነበር። ከገዳም እንደተመለሰ የራሱን ሥራ ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰንብቷል። ሽማግሌው አስጠርተው፣ የአራስ ማዕዘን የሚባለውን ነገር አስተምሬህ ነበር ወይ፣ እንዴት ነበር ያልኩህ ብለው ጠየቁት። ልየው የዚያን ዕለት ተሰናብቶ ሄደ። በነጋታው ሰው ሁሉ ገበያ ሲወጣ መጣ። ትርንጎ ልጇን እያጠባች ነበር፤ ሰላምታ ሰጣትና ሣጥኑን ብድግ አድርጎ ከቦታው አወጣው። ምን ልታደርግ ነው ለማለት አፏን ስትከፍት ስኳድራውን በሽማግሌው እጅ አስይዞ፣ እጃቸውን በእጁ ይዞ ወደ ማዕዘኑ ወስዶታል።

አያ እንዳላማው ስኳድራውን አንድ ጊዜ አስጠጉት። ገልብጠው እንደገና አስጠጉት። ቤቱ ውስጥ የሕፃኑ የመጥባት ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ያኛውን ጫፍ የያዝከው አንተ ነህ» አሉ።

«አዎ አያ።»

«ሲለጠጥ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«የእማማ ውድነሽ መቀነት ነበር። እንዴት ይተዉት ልበልዎት?»

ትርንጎ ነገሩን ያን ጊዜ ነው የሰማችው። ግንበኛ መሠረት ሲቀይስ ገመድ ላይ ሦስት፣ አራትና አምስት ክንድ ምልክት አድርጎ በሦስት ጎን ይወጥረዋል፤ ገመዱ የማይለጠጥ ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ይወጣል። አባቷ ያን ቀን ገመድ አልጠፋባቸውም። ገመዱን አስቀምጠው የሟች ሚስታቸውን መቀነት ከደረታቸው አውጥተው ምልክት አድርገውበታል፤ እናቷ በልጇ ቤት መሠረት ውስጥ እጇ እንዲኖርበት ብለው። ጥጥ ደግሞ ሲወጥሩት እሺ ይላል። ልየው ያኛውን ጫፍ ይዞ ሲለጠጥ እያየ፣ ደፍሮ መናገር አቅቶት ዝም ብሏል።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ያን ቀን ምሳም እራትም አልቀመሱም። ትርንጎ ልየውን እንደ ጠላት አየችው፤ እሱም በሩ አጠገብ ተቀምጦ አልሄደም።

በነጋታው አያ እንዳላማው ተነሡና ልየውን ስኳድራውን ያዝ አሉት። ሁለቱ ሆነው ሽማግሌው በወጣትነታቸውም በጎልማሳነታቸውም የሠሯቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ይዞሩ ጀመር። አንኳኩተው ይገባሉ፤ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ማዕዘን ይለካሉ። ሰው መጀመሪያ ደነገጠ። አንዷ ባለቤት እባክዎ የኔን አይዩብኝ፣ እስከ ዛሬ በሰላም ኖሬበታለሁ ብላ በሩ ላይ ቆመች። አንዱ ደግሞ ማዕዘኑ ልክ መሆኑ ሲነገረው፣ ታዲያ የእኔ ልጆች ዕድል ቦታ ጠበበው ማለት ነው ብሎ አዘነ። አንድም የተሳሳተ አላገኙም። ሲመለሱ አያ እንዳላማው አንገታቸው ቀና ብሏል። ገና ሳይቀመጡ ምግብ ጠየቁ። «ሌላው ሁሉ ደህና ነው» አሏት ልጃቸውን። «የተሳሳትኩት ውድነሽ የገባችበትን ብቻ ነው። እርሷም እንደዚሁ ነበረች፤ ትንሽ ሳብ ሲያደርጓት እሺ ትል ነበር።»

ልየው ግድግዳውን አፍርሶ በራሱ ድካም መልሶ ሊሠራው ጠየቀ፤ እንቢ አሉት። የስማቸውን ተረት ከመነሻው አስነግረው ሰሙ። ስንት ላበላሸው ያለውን ግንበኛ ሲሰሙ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ማንም አላያቸውም ነበር። ሣጥኑንም ወደ ቦታው አስመለሱትና ከራሱ እስከ ጫፉ በጣታቸው ሄዱበት። ይህ ሰው ለእኔ ብሎ በአገር ፊት ሥራ የማይችል መስሏል አሉ። 

አሁን የቀረው የትርንጎ ቃል ነው።

ቄስ ዘለቀ ነገ ክርስትናው ነው፣ የሚያነሣው ማን እንደሆነ ንገሩኝ ብለዋል፤ ደግሞም ከአንድ ሰው በላይ አይሆንም። እትዬ አንጓች የሚሉት ፈንታሁንን ነው። ስሙን ሰጥቶ የሰውን ስም የሸፈነ እሱ ነው፣ ከእሱ በቀር ምንም ነገር ያጣ የለም ይላሉ። የፈንታሁን ሚስት ለሕፃኑ ነጭ ልብስ ሰፍታ ለማንም ሳታሳይ አጥፋ እንዳስቀመጠችም ሰምተዋል። ሆኖም፣ ሣጥኑ ጉድለቱን ደበቀው እንጂ ሽማግሌውን ከወሬ አላዳናቸውም የሚልም ሰው አለ።

ይበልጣል የሚለው ስማቸውን ነው። የአንድ ከተማን ሳቅ ወደ ምርቃት የለወጠ እሱ ነው፤ ዛሬ ማዕዘኑ ጠማማ መሆኑን ራሳቸው አያ እንዳላማው ቢናገሩም ሰው አያምናቸውም፤ አባትሽንም ከሐዘን ወዲህ ያሳቃቸው የእሱ ወሬ ነው ይላል። ያም እውነት ነው። ነገር ግን ያው ተረት ነው ሽማግሌውን አእምሮዬ ከዳኝ ያሰኛቸው፤ መጀመሪያም ኪስ ብሎ ሳቁን የጀመረው እሱ ነበር። ስማቸው ራሱ ስለዚህ ሲጠየቅ አልቀለደም፤ እኔ የምለው የለኝም ብሎ ቀረ።

ልየውን የሚል ሰው አልነበረም፤ ትርንጎ ራሷ ናት በልቧ ያሰበችው። ከጭንቀታቸው የፈታቸው እውነቱ ነው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ከቤት ቤት የዞሩትም እሱ ስኳድራውን ይዞላቸው ነው። ነገር ግን አንገታቸውን ያስደፋቸው ማን ሆነና? መጀመሪያ መቀነቱ ሲለጠጥ ቢናገር ኖሮስ ይህ ሁሉ መቼ ይመጣ ነበር? ልየው ስለ ቃሉ በኋላ ሲሰማ፣ አውቄ ቢሆን ኖሮ ለጥቅሙ ነው እንዳይሉኝ ዝም እል ነበር ብሏታል። ያ ንግግር ይጨምርለት ወይ ይቀንስበት አላወቀችም። ዘመድ የሚባል በዚህ ዓለም ላይ እንደሌለው ግን ታውቃለች።

አባቷን ጠየቀቻቸው። አያ እንዳላማው ሕፃኑን አቅፈው ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። «ማዕዘኑን እኔ አበላሸሁት» አሉ። «ይህን ደግሞ አንቺ አስተካክይው።»

ጠዋት ሆነ። ፈንታሁን፣ ስማቸውና ልየው ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ግቢው በር ላይ ቆመዋል፤ ማናቸውም ወደ ሌላው አያዩም። ከቤተ ክርስቲያን ደወሉ ተሰምቷል። ትርንጎ ልጇን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ወጣች፤ ሦስቱም እጃቸውን ሳይዘረጉ ጠበቋት።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁት እርሷ የምታውቀውን ያህል ነው፤ የተደበቀባችሁ የለም። በእርሷ ቦታ ብትሆኑ ልጁን በማን እጅ ታስቀምጡት ነበር?